በአምስት አፍ የተነገረ አንድ ኀዘን

ወይዘሮ ባንቺአየሁ እውነትን ለማወቅ የማይቸኩሉ፣ ካወቋትም በኋላ ሰውን ለመጣያ የማያውሏት ሴት ናቸው። ይህን የምጽፈው በወሬ ሰምቼ አይደለም፤ በፊቴ ሲፈጸም አይቼ ነው። የባሕር ዳር ሰው ሁሉ በዓለም ስማቸው ያውቃቸዋል። ክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ በዚህ ስም የምንጠራቸው በጸሎት ጊዜ ብቻ ነው።

የተወለዱት በሐይቁ ደቡብ ዳር፣ ደንገል ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግበት ስፍራ ነው። እናታቸው ገና በአራስነት ስላረፉ አባታቸው ሕፃኒቱን የሚተዉበት ቤት አልነበራቸውም። ስለዚህ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት በታንኳ ሲያመላልሱ ልጃቸውን ከጭነቱ ላይ አስቀምጠው ይቀዝፉ ነበር። በኅዳር ማለዳ ጉም በጣና ላይ ሲተኛ ውኃውና ሰማዩ አንድ ነጭ ነገር ይሆናሉ። ታንኳ የት እንዳለ፣ ዳር የት እንዳለ አይታወቅም። ቀዛፊዎች እንዳይጋጩ ከጉሙ ውስጥ ይጣራሉ። ወጣቶቹ ቀዛፊዎች ግን ተጫዋቾች ስለነበሩ ድምፃቸውን እየለወጡ ሽማግሌዎቹን ያታልሉ ነበር።

«ማነህ ወዲያ?» ይላሉ አባት።

«ከደሴቱ የመጣሁ መነኩሴ ነኝ፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ፣ መንገድ ልቀቅልኝ!»

አባት ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ዳር ሊያዞሩ ሲሉ ሕፃኒቱ ከእንጨቱ ላይ ሆና ትስቃለች። «ውሸቱን ነው አባዬ፤ ቀዛፊው ቢያዝን ነው። ትንፋሹን የሚያሳርፈው መቅዘፊያው ሲነሣ ነው።»

ከጉሙ ውስጥም የቢያዝን ሳቅ ይሰማል። «ይችን ልጅ ምን እያበሏት ነው? መነኩሴ እንኳ እንዳልሆን ከለከለችኝ!»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ይህን ሲያጫውቱኝ ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው፣ ጉሙ ዛሬም ከፊታቸው እንዳለ ሁሉ ዝግ ብለው ነው። «ሰው ድምፁን ይለውጣል፣ የኔታ። የት ላይ እንደሚያርፍ ግን ለራሱም አይታወቀውም፤ የማያውቀውን ነገር ደግሞ እንዴት አድርጎ ይደብቀዋል?» ይሉኛል።

ካደጉ በኋላ ተዳሩ፤ ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው በወባ ሞተባቸው። በቀብሩ ዕለት ከአፋቸው የወጣው ሙሾ ለቀስተኛውን ሁሉ ስላስደነገጠው ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ይጠሩ ጀመር። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን ሰዎች ሙሾ ሲበዛ አንወድም፤ ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይበቃዋል እንላለን። ሆኖም የእሳቸውን ሙሾ ቆሜ የሰማሁባቸው ቀኖች አሉ። በእናት አፍ ያለቅሳሉ፤ ቀጥለው በወንድም አፍ፤ ቀጥለውም ከደጅ ታስራ በቀረች በቅሎ አፍ። የእናቲቱ ኀዘን ከወንድምየው ኀዘን ጋር አይቀላቀልም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ነገር ያነሣል። እናት የምታነሣው ስለ ምግብና ስለ ልብስ ነው፤ ወንድም ስለ መንገድ፤ በቅሎዋ ስለ ኮርቻዋ። በሰው አፍ ማልቀስ ማለት ይህ መሆኑን ከእሳቸው ተማርሁ።

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ነው። ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ የተቋቋመ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ነበረን። እኔ ገብረ መስቀል የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርሁ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ አዳራሹን ይጠርጋሉ፤ ከስፌት መኪናዎቹ ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰበስባሉ። በመግቢያው በር በኩል እንደ ዘመኑ ልማድ የግድግዳ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። ማንም ሰው ሐሳቡን ጽፎ ከሥሩ ባለው ሣጥን ይጨምራል፤ ስሙን መግለጽ ግን ግዴታ አልነበረበትም። «ጭቁን እናት»፣ «ንቁ ወዛደር» እያለ የብዕር ስም ያወጣል። እጄ ጽሕፈት የለመደ ስለሆነ ከሣጥኑ የወጣውን በትልቅ ወረቀት ገልብጬ የምለጥፈው እኔ ነበርሁ።

በጥቅምት ወር አንድ ጽሑፍ ወጣ። «የቀድሞ ወታደር» የሚል ስም ነበረበት። ከማኅበራችን አንድ ሰው የሚታደኑ ወጣቶችን በታንኳ ወደ ማዶ እያሻገረ ነው ይላል። በሳምንቱ «ጭቁን እናት» ያንኑ መሰከረች። ቀጥሎ «ከሐሙሲት የመጣ ገበሬ»፤ ቀጥሎ «አንድ ሙስሊም ወንድም»፤ በመጨረሻም «ንቁ ተማሪ»። የተከሳሹ ስም በአንዱም ላይ አልተጻፈም። ነገር ግን ቤቱ ከውኃው ዳር የሆነ፣ አጎቱም ታንኳ ያለው የማኅበራችን ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የዕቃ ቤት ጠባቂው ኑርሑሴን ነው።

ኑርሑሴን ዝምተኛ ሰው ነበር። ክር ሲሰጥ ይቆጥራል፣ መርፌ ሲሰጥ ይመርቃል፤ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም። አምስተኛው ጽሑፍ ከተለጠፈ በኋላ ክር የሚቀበሉት ሰዎች ዓይን ዓይኑን ማየት ተዉ። ሊቀ መንበራችን አቶ አካሉም «የሰፊው ሕዝብ አምስት አፍ ተናግሯል፤ ቅዳሜ በውይይት ክበብ መክረን ነገሩን ወደ በላይ አካል እናስተላልፋለን» አሉ። በዚያ ዘመን ወደ በላይ የተላለፈ ስም እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ማክሰኞ ቀን በምሳ ሰዓት፣ መሠረተ ትምህርት የምትማረው ሰፊ ሙሉነሽ ንባቧን ለመለማመድ ከግድግዳው ሥር ቆማ ጮክ ብላ ታነባለች። ወይዘሮ ባንቺአየሁ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። እሳቸው ፊደል ከመቁጠር አላለፉም ነበር። የኑርሑሴን ባለቤት ጀሊላም ምሳ ይዛ መጥታ ነበርና በሩ ላይ ቆመች። ሙሉነሽ አይታት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንብቢው እንጂ፤ እኔንም አስተምሪኝ» አለች ጀሊላ።

ሙሉነሽ እየተርበተበተች ቀጠለች፤ «እኔ ሙስሊም ወንድማችሁ በተክለ ሃይማኖት ማግስት፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ማለዳ...»

ጀሊላ በእንባዋ መካከል ሳቀች። «ይህ ወንድማችን ጾሙስ የትኛው ይሆን? ዐርብና ረቡዕም ሳይጾም አይቀርም!»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያውም ወደ ምሳቸው ዞሩ። እኔ ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም፤ ተጎራብቶ የሚኖር ሰው በጎረቤቱ በዓል ቀን ሊቆጥር ይችላልና። ወይዘሮ ባንቺአየሁ አልሳቁም። መጥረጊያቸውን ከግድግዳ አስደግፈው ወደ እኔ መጡ።

«የኔታ፣ እነዚህ ጸሐፊዎች ስንት ናቸው?»

«አምስት ናቸዋ፣ እትዬ።»

«አንድ ነው።»

እኔም በሙያዬ ተመክቼ መለስሁላቸው። «ዋናዎቹ ወረቀቶች በመሳቢያዬ ውስጥ አሉ። አንዱ በእርሳስ የተንጋደደ ነው፤ አንዱ ፊደሉ እንደ ባቄላ የተድበለበለ ነው፤ አንዱ መስመር አይጠብቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ብራና የገለበጥሁ ሰው ነኝ፤ እጅ አይጠፋኝም። አምስት እጅ ነው።»

«እርስዎ ያዩት እጁን ነው። እኔ ማንበብ ስለማልችል የሰማሁት ትንፋሹን ነው። ሐሙስ ከሥራ በኋላ አምስቱንም ተራ በተራ ያንብቡልኝ፤ ከዚያ ይፍረዱ።»

ሐሙስ በዐሥር ሰዓት ከውኃው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ሐይቁ የወይራ ዘይት ይመስል ነበር፤ ዳክዬዎቹ ተኝተው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። አንድ በአንድ አነበብሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፤

«ገበሬው ስለ አዝመራው አንድ ቃል ተናገረ? ወሩ እኮ ኅዳር ነው፤ ገበሬ በዚህ ወር ሌላ ምን ሐሳብ አለው? እናቲቱስ ያ በታንኳ የሄደው ልጅ በልቶ እንደሆነ፣ ብርድ መትቶት እንደሆነ ጠየቀች? ወታደሩስ ስንት ሰው እንደነበረ፣ ምን እንደያዘ ቆጠረ? ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው። ሐይቁ ጸጥ ባለበት ማለዳ ይላሉ። ጉሙን ያነሣሉ፣ ደንገሉን ያነሣሉ፣ ወፉን ያነሣሉ፤ ሦስት ነገር አንሥተው ያርፋሉ፤ ከዚያ በአጭሩ ‹ታንኳው ሄደ› ይላሉ። አምስቱም።»

ወደ ወረቀቶቹ ተመለስሁ። እንዳሉት ነበር። በገዛ እጄ አምስት ጊዜ የገለበጥሁት ቃል ነበር፤ አንድም ጊዜ አልሰማሁትም።

«ደግሞ» አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ «ታንኳው ሲመጣ ያየ አንድም የለም። አምስቱም የሚያዩት ሲሄድ ነው። አምስቱም ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላው ሆነው ነው የሚያዩት። ከሳሽ የሰውን ፊት ያያል፣ የኔታ። ጀርባ የሚያይ የሸኘ ሰው ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሾ አውርጃለሁ፤ ይህ የክስ ቃል አይደለም። ይህ ሰው እያለቀሰ ነው።»

ከዚያም በእጃቸው ወደ ሐይቁ አመለከቱኝ፤ ዓባይ በጣና መካከል ሳይቀላቀል ያልፋል የሚባልበትን አቅጣጫ። «አባቴ የዓባይን መንገድ በውኃው መካከል ያሳየኝ ነበር። መጀመሪያ አይታይም፤ ዝም ብለው ሲቆዩ ግን ይታያል። ይህም እንዲያ ነው።»

«ማን ነው?» አልሁ፤ ልቤ ግን መጠርጠር ጀምሮ ነበር።

«ከሰዓት በኋላ ፊደል የሚያስቆጥረን አስናቀ ነው። ሲያስተምርም ሦስት ነገር ተናግሮ ያርፋል፤ ሲያርፍም በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ያያል። ታናሽ ወንድሙ አምሐ በጥቅምት መግቢያ ወደ አዲስ አበባ ሄደ አለን። አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር ያየው ሰው ግን የለም።»

አስናቀ ከሰፊዎቻችን አንዱ፣ የውይይት ክበቡ ተናጋሪና የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ወጣት። ጽሕፈቱ አምስት እጅ የሆነበትን ምክንያት በማግስቱ ጠዋት ከሙሉነሽ ዐወቅሁ። በእርሳስ የተጻፈውን ወረቀት ሳሳያት ደነገጠች።

«ይህማ የእኔ ቃል ጽሕፈት ነው! መምህራችን እያነበበልን የጻፍነው፤ ሊያርመው ወሰደብኝ።»

«ታዲያ በግድግዳው ላይ ስታነቢው አላወቅሽውም?»

«አወቅሁት እንጂ! እርሱ ከግድግዳው ጋዜጣ እየገለበጠ የሚያጽፈን መስሎኝ ነዋ። ደግሞ ሲያጽፈን እኔ ፊደሉን ሳሳድድ፣ ምን እንደተባለ በየት ጆሮዬ ልስማ?»

እንግዲህ እውነቱ በእጄ ገባ። ተቆጣሁ። ወረቀቶቹን ይዤ ወደ አቶ አካሉ ቢሮ ስራመድ ወይዘሮ ባንቺአየሁን ከበሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው?»

«ለሊቀ መንበሩ ልነግር ነው። ንጹሕ ሰው ሊጠፋ ነው እኮ!»

«ልክ ነው። ሄደው ቢናገሩ ኑርሑሴን ይድናል። በእሱ ፈንታ ማን ይሄዳል?»

ወረቀቶቹን ወደ ብብቴ መለስሁ።

«አስናቀ ይሄዳል፤ ወንድሙም ካለበት ይታደናል። የእነሱን ሙሾ ደግሞ ማን ያውርድ? እኔ? እርስዎ ካህናቱን ጠርተው፣ እኔ ደረቴን መትቼ? ተዉኝ፣ የኔታ። እስከ ቅዳሜ አንድ ቀን አለን።»

በዚያው ዐርብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሐይቁ ወረድን። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ዋርካው ግማሹ ብቻ ይታያል፤ ደንገሉ በነጭ አየር ላይ የተሳለ ይመስላል። አስናቀ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያ ድንጋይ መሆኑን ሳይነግሩኝ ዐወቅሁት። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ እሳቸው ከአጠገቡ ተቀመጡ።

«ደኅና አደርህ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። በዚህ ብርድ ምን ይፈልጋሉ?»

«አንተን። በአምስት አፍ ስታለቅስ ሰምቼህ መጣሁ።»

አስናቀ ሊነሣ ሲል ክንዱን ያዙት። «ቁጭ በል። ልከስህ ብፈልግ እዚህ አልመጣም ነበር። የሸኘኸው አምሐን ነው፤ አይደለም?»

ሐይቁ ድንጋዩን ቀስ ብሎ ሲመታ ብቻ ይሰማ ነበር። ልጁ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ኑርሑሴን አየኝ» አለ። «ታንኳው ሲሄድ በዚህ በኩል መጣ። አየኝ፤ ታንኳውንም አየ። ሰላምታ ሰጥቶኝ አለፈ።»

«ሰላምታ ሰጥቶህ ስላለፈ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ጠበቅሁት፣ እማማ። ዛሬ ይናገራል አልሁ፤ ነገ ይናገራል አልሁ። ክር ልቀበል ስገባ አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ። ቀድሜው ካልተናገርሁ ብዬ... ፈራሁ። ማታለል የምችል መስሎኝ ነበር፤ ብዕሩን ባነሣሁ ቁጥር ግን ያ ማለዳ ይመጣብኛል። ሌላ የማየው ነገር የለኝም።»

«ኑርሑሴን እኮ እስከ ዛሬ አልተናገረም። ሊገድሉት እየተሰበሰቡም አልተናገረም። ስምህን ቢጠራ ይድን ነበር።»

አስናቀ ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሙሾ አላወረዱለትም፤ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለት እንጂ። ከዚያም ምን ማድረግ እንዳለበት ነገሩት። ውሸት እንዲናገር አልነገሩትም። እነዚያ ወረቀቶች በእርግጥ ቃል ጽሕፈት ነበሩ፤ እርሱንም በጉባኤ ፊት ይናገር፣ ኀፍረቱንም ይቀበል አሉት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ኑርሑሴን ከኋላ ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ጀሊላ በሩ ላይ ቆመች። አቶ አካሉ ጉሮሮአቸውን ጠርገው «የአምስት ጭቁኖች ምስክርነት ቀርቧል» ብለው ሲጀምሩ አስናቀ ተነሣ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አምስት ምስክር የለም። ጽሑፉ የእኔ ነው። ለተማሪዎቼ ቃል ጽሕፈት ያጻፍሁት ነው፤ ወረቀቱን ሰብስቤ ከሣጥኑ የጨመርሁትም እኔ ነኝ። ኑርሑሴን ሰው ሲያሻግር አላየሁም። በድያለሁ።»

አቶ አካሉ ወረቀቶቹን ከእኔ ተቀብለው ከፍ አደረጉ። «ታዲያ ይህ ‹የቀድሞ ወታደር› የሚለው ማን ነው?»

ሙሉነሽ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ እጅዋን አወጣች። «እኔ ነኝ፣ ጓድ! ግን ዘምቼ አላውቅም።»

አንድ ሰው ሳቀ። «ገበሬውስ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ክንዱ የሚባል፣ በከተማ ተወልዶ በከተማ የወፈረ ኮት ሰፊ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ያ ባቄላ ባቄላ የሚመስለው የእኔ ነው።»

«ክንዱ ገበሬ! በሬው ተሸክሞት ነው የሚያርሰው?» አለ አንዱ፤ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ። አንድ ተጫዋች ሽማግሌ «ጭቁኗ እናት እኔ ነኝ» ብለው ጢማቸውን እየዳሰሱ ሲነሡ አቶ አካሉ ራሳቸው ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነከሱ። የሚያስፈራው ነገር ሳቅ ሲገባበት መልኩን አጣ። ሊቀ መንበሩ አስናቀን ክፉኛ ገሠጹት፣ ከክበቡም አነሡት፣ ለግድግዳው ጋዜጣም እንዳይጽፍ ከለከሉት፤ ስፌት መኪና ዘይት እንዲቀባም መደቡት። ወደ በላይ የሚጻፈው ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀረ። እኔም ለስድስት ወር ያህል በግድግዳው ላይ ከስብሰባ ማስታወቂያ በቀር ምንም አልለጠፍሁም።

ሰው ሲበተን ኑርሑሴን በአስናቀ አጠገብ አለፈ፤ እንደ ልማዱም ሰላምታ ሰጠው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ቃሉ አልተሰማኝም። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ግን መጥረጊያቸውን ይዘው ከበሩ አጠገብ ነበሩና ሰሙ። የነገሩኝ ያ መንግሥት ካለፈ በኋላ ነው።

«‹አጎቴ ልኮብኛል፤ ታንኳው ደርሷል› ነው ያለው» አሉኝ። «አጎትየው ይሆን የቀዘፈው? አልጠየቅሁም። የአስናቀ ትንፋሽ ግን ያን ጊዜ ሲያርፍ ሰማሁት።»

ዛሬ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዘንዘልማ ውስጥ ከእኅታቸው ልጅ ከአገርነሽ ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ከደጃቸው ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው ከአረማመዱ እየለዩ በስሙ ይጠራሉ። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ልጠይቃቸው ስሄድ ሰባ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ «የኔታ፣ ጉልበትዎን አመመዎ እንዴ?» አሉኝ። በእርግጥም አሞኝ ነበር።

ዓባይን በጣና መካከል መንገዱን ሳያሳጣ የሚያሳልፍ አምላክ ለወለተ ጊዮርጊስ ዕድሜዋን ያለምልምላት፤ ጆሮዋን የምሥራች ብቻ ያሰማት። አገርነሽንና በዚያ ደጅ የሚገባውን የሚወጣውን ሁሉ ከክፉ ቃል ይሰውርልን፤ በቤቷም ሰላም ይደር። አሜን።